አንጎልና ጓዳው
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የሥራ አመራር ኮሚቴው «ከሒሳቡ ሪፖርት በኋላ ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገሩ» ብሎ ስላዘዘን፣ ዛሬ ስለ እርጅናና ስለ አንጎል ያገኘነውን ያህል እናካፍላችኋለን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ፋይል ስንከፍትና ስንዘጋ፣ ደብዳቤ ስንገለብጥ ኖረን ጡረታ የወጣን ሰዎች ነን፤ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ማንበብ ግን አላቆምንም፤ ያልገባንንም ጤና ጣቢያ ያሉትን ልጆቻችንን እየጠየቅን ተረድተናል። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነውና ግር እንዳይላችሁ።

ከጤናው ሁሉ እርጅናን ለምን መረጣችሁ ብትሉን፣ መልሱ መዝገባችን ላይ አለ። ድሮ ድንኳን ተካይ፣ ቃሬዛ ተሸካሚ የነበሩት ዛሬ ምርኩዝ ይዘው ነው የሚመጡት። መዝገባችን ሽበት አውጥቷል። ከሽበቱም ጋር አንድ ችግር መጥቷል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ደፍረን ግን አልተነጋገርንበትም። እሱም መርሳት ነው።

በአገራችን ሰው ሲያረጅና ሲረሳ «ጃጀ» እንላለን። ቃሏ አጭር ናት፤ ግን ፈርዳ ትጨርሳለች። ከጃጀ በኋላ ምን ይጠየቃል? ምን ይመከራል? ሰውየው በቁሙ ከሰው ቁጥር ወጣ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ነገሩን ስናጣራው፣ በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ተደባልቀው አገኘናቸው። አንደኛው ማንም ያረጀ ሰው የሚደርስበት ተራ እርጅና ነው። ሁለተኛው በሽታ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መርሳት መስሎ የሚታይ፣ ግን በመርፌና በክኒን፣ አንዳንዴም በአንድ ብርጭቆ ስኳር ውኃ የሚድን ነገር ነው። የሚቆጨንም ይኸ ሦስተኛው ነው።

እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር። የሰው አንጎል ክብደቱ 1.3 ወይም 1.4 ኪሎ ያህል ነው። ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ብቻ ማለት ነው። ነገር ግን አርፈን በተቀመጥንበት ሰዓት እንኳ ሰውነታችን ከሚያወጣው ኃይል ከመቶ 20 ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። በዕድራችን ቋንቋ ብንናገረው፣ ከ50 አባላት አንዱ ብቻውን የመዋጮውን አምስተኛ እጅ ይበላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ አባል ቢኖረን ገና ዱሮ በተጣላነው ነበር! አንጎል ግን የሚበላው በከንቱ አይደለም። አብዛኛው ኃይል የሚወጣው የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት ሲለዋወጡ ነው። መልእክት በተላለፈ ቁጥር ሶዲየምና ፖታሲየም የሚባሉ ጨው መሰል ነገሮች ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እነሱን ወደየቦታቸው መመለስ ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ የሸክም ሥራ ነው።

ታዲያ ይህ ታላቅ በላተኛ ጎተራ የለውም። ጡንቻ የራሱ ስንቅ አለው፣ ጉበትም ስንቅ አለው፤ አንጎል ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው። ዋናው ምግቡ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ሲሆን በቀን 120 ግራም ያህል ይፈልጋል። ይህን ሰምታችሁ ሻያችሁ ላይ ስኳር እንዳትጨምሩ አደራ! ግሉኮሱ ከእንጀራው፣ ከገብስ ቂጣው፣ ከበሶው፣ ከሽሮው ሰውነት ራሱ የሚያወጣው ነው። ስኳሩን የሚያነደው ደግሞ ኦክስጂን፣ ማለት የምንተነፍሰው አየር ነው። የደም መንገድ ለጥቂት ደቂቃ ቢዘጋ አንጎል መሞት ይጀምራል። በያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ስኳሩ የሚነድባቸው ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ፣ ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። እነሱን በልባችሁ ያዙልን፣ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ለቅሶ ቤት ስንሄድ የሚታየው ማነው? ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ነው። ጓሮ ውኃ የሚቀዳው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ሣሕን የሚያጥበው፣ ቆሻሻ የሚደፋው አይታይም። ጓሮው ሥራ ቢያቆም ግን ድንኳኑ አንድ ቀን አያድርም። በአንጎልም ውስጥ እንዲሁ ነው። የሚያስቡት፣ የሚያስታውሱት የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። በ2009 የታተመ በብራዚል የተደረገ ቆጠራ 86 ቢሊዮን ያህል አድርጓቸዋል። በዙሪያቸው ደግሞ ረዳቶች አሉ። እነዚህን ረዳቶች በ1856 ስም ያወጣላቸው ሩዶልፍ ቪርኾ የሚባል የጀርመን ሐኪም ነው፤ «የነርቭ ሙጫ» አላቸው። ሙጫ! ሥራቸው ማጣበቅ ብቻ መስሎት ነው። መጻሕፍትም ለብዙ ዘመን ረዳቶቹ ከነርቭ ሕዋሳት አሥር እጥፍ ይበዛሉ እያሉ ሲጽፉ ኖሩ። ያው የብራዚሉ ቆጠራ ግን ቁጥራቸው ተቀራራቢ መሆኑን አሳየ።

ከረዳቶቹ ሦስቱን ማወቅ ይበቃናል። የመጀመሪያዎቹ አስትሮሳይት ይባላሉ፣ የኮከብ ቅርጽ ስላላቸው ነው። አንድ እግራቸውን የደም ሥሩ ላይ፣ ሌላውን የነርቩ ሕዋስ አጠገብ አድርገው ይቆማሉ። ከደም ስኳር ይቀበላሉ፤ በአንጎል ውስጥ ያለችው ጥቂት ቋጠሮም የምትገኘው በእነሱ ዘንድ ነው። በ1994 ፔለራንና ማጂስትሬቲ የሚባሉ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ አስትሮሳይቶች ስኳሩን በግማሽ አብስለው ላክቴት ወደሚባል ነገር ለውጠው ለነርቩ ሕዋስ ያቀርባሉ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ነርቩ ከዚህ ምን ያህል ይመገባል በሚለው ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ማቅረባቸው ግን ታውቋል። ሁለተኞቹ የነርቩን ክር በስብ የሚጠቀልሉ ናቸው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚሸፈን ያለ ነው። መልእክት የሚፈጥነው በዚህ ሽፋን ነው። ሦስተኞቹ ማይክሮግሊያ ይባላሉ፣ በ1919 ሪዮ ኦርቴጋ የተባለ የስፔን ሰው ለይቶ ያወጣቸው ናቸው። ዘበኞችም ጽዳት ሠራተኞችም ናቸው፤ እየዞሩ የሞተውንና የቆሸሸውን ይለቅማሉ።

ሰው ሲያረጅ ምን ይሆናል? አንጎል የሚወስደውን ስኳር በሕይወት ያለ ሰው ላይ ፎቶ ማንሳት የተቻለው ከ1976 ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ የተነሣውም በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ነው። በዚህ መሣሪያ ሲታይ፣ ዕድሜ በገፋ ቁጥር አንጎል የሚያነደው ስኳር ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ይበልጡን ከግንባር በኩል ያለው ክፍል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የደም ሥሮች ይደርቃሉ፣ ደሙ እንደ ልብ አይደርስም። እነዚያ ምድጃዎች ያረጃሉ፣ እንጨቱን ይበላሉ እንጂ እሳታቸው ይደክማል፣ ጢሳቸውም ይበዛል። አስትሮሳይቶቹ በማቀበሉ ሥራ ይለግማሉ። የስቡ ሽፋን ይሳሳል፣ የሚያድሰውም ይዘገያል። ዘበኞቹ ደግሞ፣ እንደ አንዳንድ ሽማግሌ፣ ነጭናጫ ይሆናሉ፤ ማጽዳቱን ትተው በትንሽ በትልቁ ይቆጣሉ፣ ቁጣቸውም ጤነኛውን ሕዋስ ይጎዳል።

ስለዚህ ነው የምናውቀው ሰው ስም ከምላሳችን ጫፍ ላይ ቆሞ እምቢ የሚለን። ስሙ አልጠፋም፤ መምጫው ዘገየ እንጂ። ዱሮ በእርጅና የአንጎል ሕዋሳት በየቀኑ በብዛት ይረግፋሉ ይባል ነበር። ዛሬ ግን በተራ እርጅና የሚሞቱት ጥቂት እንደሆኑ፣ የሚደክመው ይበልጡን ግንኙነታቸውና አቅርቦታቸው እንደሆነ ታውቋል። የቃላት ሀብትና በዕድሜ የተከማቸ ዕውቀትማ እስከ ብዙ ዘመን ይቆያል። ሽማግሌ ለዕርቅ የሚጠራው በከንቱ አይደለም። ፍጥነት ለሚጠይቅ ነገር ጎረምሳ ጥሩ፣ ነገር ለመመርመር ሽማግሌ ጥሩ።

በሽታው ሌላ ነው። በ1906 አሎይስ አልዛይመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአንዲት ሴት ታሪክ ለባልንጀሮቹ አቀረበ። ስሟ አውጉስተ ዴተር ነበር፤ ሆስፒታል ስትገባ ገና 51 ዓመቷ ነበር። ከሞተች በኋላ አንጎሏን ቢመረምረው በሕዋሳቱ መካከል የተጋገረ ነገር፣ በውስጣቸውም የተቋጠረ ክር አገኘ። ከመርሳት በሽታዎች ዋናው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚህ በሽታ የአንጎል ስኳር አነዳድ በተወሰኑ ክፍሎች በጣም ይወርዳል፣ ዘበኞቹም ይቆጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን 57 ሚሊዮን አድርሷቸዋል፤ ከእነዚህም ከመቶ 60 በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። «ይኼ የፈረንጅ በሽታ ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ደጋችን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። እኛ ላስቶች ከፍታ ላይ ነን፤ ላሊበላ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ አቡነ ዮሴፍማ ከ4,000 ይበልጣል። ከፍታ አየሩን ያሳሳል። አንጎል ደግሞ ያለ አየር አይነድም ብለናል። ታዲያ እንዴት ኖርን? ሲንቲያ ቢል የምትባል የአሜሪካ ተመራማሪና ባልደረቦቿ በስሜን ተራራ፣ አምባራስ በሚባል በ3,530 ሜትር ከፍታ ባለ ቦታ፣ ከ14 እስከ 86 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 236 የአገራችንን ደገኞች መረመሩ። በ2002 ባሳተሙት መሠረት የደማቸው ቀይነትም ሆነ የተሸከመው ኦክስጂን ከባሕር ጠረፍ ሰው የሚለይ ሆኖ አልተገኘም፤ ኦክስጂኑ በአማካይ ከመቶ 95 ነበር። የደቡብ አሜሪካ ደገኞች ግን ደማቸው ወፍሮ ነው የሚኖሩት። ከእነሱ መካከል ኬችዋ በሚባሉት በጥቂት ሰዎች ላይ በ1994 የታተመ ጥናት አንጎላቸው ስኳርን ቆጥቦ እንደሚያነድ አሳይቷል። የሂማላያ ሸርፓዎች ሲመረመሩ ግን እንዲህ አልሆነም። የሰው ልጅ አየር ሲያጥረው በየአገሩ ልዩ ልዩ መላ አበጀ ማለት ነው። ደገኛ መሆናችን ጌጣችን ነው፤ ግን ከደም ግፊትና ከጢስ አያድነንም።

ጾምንም አንሥተው የጠየቁን አሉ። «አንጎል በስኳር ከኖረ፣ የሁዳዴ ጾም አይጎዳውም ወይ?» ይላሉ። ጤነኛ ሰው ሲጾም ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ያወጣል፤ ረኃቡ ሲረዝም ከስብ ኪቶን የሚባል ሌላ ማገዶ ይሠራል። በ1967 ኦወንና ካሂል የሚባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች በሐኪም ጥበቃ ለሳምንታት ምግብ ያልበሉ ሰዎችን መርምረው፣ አንጎላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ኃይል ከኪቶን እንደሚያገኝ አሳዩ። በካናዳ የተደረጉ ምርመራዎች ደግሞ ያረጀ አንጎል ስኳሩን መውሰድ ቢያቅተውም ኪቶኑን ግን እንደ ወጣት እንደሚቀበል አሳይተዋል። ደስ ይላል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ጾም መድኃኒት ነው ብሎ መስበክ የእኛ ሥራ አይደለም። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙንም የነፍስ አባቱንም ሳያማክር ቢጾም ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። የብልባላ ጊዮርጊስ ማርም ቢሆን፣ ስለ በረከቱ ለመናገር አንደፍርም፤ ስኳርነቱ ግን ስኳር ነው፣ የስኳር ታማሚ ይጠንቀቅ።

አሁን ወደዚያ ወደሚያስቆጨን እንምጣ። የመርሳት መልክ ይዘው የሚመጡ፣ ሲታከሙ ግን የሚለቁ ነገሮች ብዙ ናቸው። ቢ12 የሚባል ቪታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው። ሥጋና ወተት አልፎ አልፎ የሚያገኝ፣ ደግሞም በእርጅና ሆዱ የደከመ ሰው ይጎድለዋል፤ እግሩ ይደነዝዛል፣ ይረሳል፣ ይቆጣል። በጊዜ ከተደረሰበት መርፌ ይመልሰዋል። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲደክም ሰው ይፈዛል፣ ይበርደዋል፣ ይረሳል፤ ለዚህም ክኒን አለው። አረቄ ያበዛ ሰው ቢ1 የሚባለው ቪታሚን ያልቅበታል፤ ያለ እሱ ደግሞ እነዚያ ምድጃዎች ስኳሩን ማንደድ አይችሉም፤ ቶሎ ካልተደረሰለት ማስታወሱ ለዘለቄታው ይጠፋል። (አረቄ ስንል ዞር ብላችሁ የምትተያዩት አይታችኋል።) ኀዘን የበዛበት ሰው ልቡ ተሰብሮ የረሳ ይመስላል። ጆሮው የደከመ ሰው የተባለውን ስላልሰማ ረሳ ይባላል።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን ድንገተኛው ነው። ትናንት ደኅና የነበረ ሽማግሌ ዛሬ ቢቀባጥር፣ ቤተሰቡን ባይለይ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ቢነሣ፣ ይኸ እርጅና አይደለም። እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም። የሳንባ ምች፣ የሽንት መመረዝ፣ የውኃ ጥም፣ የመድኃኒት መደራረብ ወይም የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። አፉ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከሰነፈ ደግሞ የደም ሥር ተዘግቶበት ወይም ፈሶበት ነውና ደቂቃ አይጠፋም። የስኳር መድኃኒት ወሳጅ ከሆነና መዋጥ ከቻለ የስኳር ውኃ ስጡት፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ላሊበላ ሆስፒታል። «ዓይነ ጥላ ነው፣ መተት ነው» እየተባለ ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ተዘግቶበት የሚሞት ሽማግሌ አለ። ጠበሉን ማንም አይከለክልም፤ ሐኪሙም ይታከልበት ነው የምንለው።

በመካከላችን የሆነውን አንድ ነገር፣ ስም ሳንጠራ፣ እናንሣ። አንድ የረዥም ዘመን አባል፣ በቀጠሮው ሰዓት ለቀብር አልመጡም። በማግሥቱ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሰው ወደሌለበት መቃብር ሄዱ። ቅጣቱ በደንቡ መሠረት ተጻፈባቸው። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ ሆነ። «ሆን ብለው ነው፣ ብር ቆጥበው ነው» ያለም አልጠፋም። ልጆቻቸው ቅጣቱን ከፈሉ፣ ግን አፍረው አባታቸውን ከቤት እንዳይወጡ አደረጓቸው። ቤት መዋል ደግሞ፣ አሁን እንደምንነግራችሁ፣ ለዚህ በሽታ ቤንዚን ነው።

ላንሴት የተባለው የሐኪሞች መጽሔት የሰበሰባቸው ሊቃውንት በ2024 ባወጡት ጽሑፍ 14 ነገሮችን ቆጥረው፣ ሁሉም ቢወገዱ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ ከመቶ 45 ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል ብለዋል። ሁሉንም አንዘረዝርም። ለእኛ የሚበጁት የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የጆሮና የዓይን መድከም፣ የጭንቅላት ምት፣ መጠጥ ማብዛት፣ የአየር ጢስ፣ በልጅነት አለመማር እና ብቻ መቅረት ናቸው። ግፊቱን መለካት ቀላል ነው፤ ግፊት ሳያምም ነው የሚገድል፣ የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች አንድ በአንድ ይዘጋል። ጢሱን እናቶቻችን ያውቁታል፤ መስኮት በሌለው ማዕድ ቤት እንጀራ ሲጋግሩ ዕድሜያቸው አለቀ። ጭስ ማውጫ መሥራት የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ወንዶች ምን እንጠብቃለን? መራመድንማ ተራራችን አስተምሮናል፤ ችግሩ ጡረታ ስንወጣ ከመደቡ አልነሣ ማለታችን ነው። እንቅልፍም አንጎል ከራሱ ቆሻሻ እንዲጠራ ይረዳል የሚል ጥናት በ2013 በአይጦች ላይ ተደርጓል፤ ክርክሩ ገና ነው፣ መተኛት ግን አይከፋም። ብቻ መቅረትን በተመለከተ፣ ሊቃውንቱ ብዙ ደክመው የደረሱበት ነገር ዕድራችን ያለ ደመወዝ ሲሠራው የኖረ ነው። ሰው በሰው መካከል ሲሆን አንጎሉ ይሠራል።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የመተዳደሪያ ደንባችን ቅጣትን የሚመለከተው አንቀጽ ይሻሻልልን። የመርሳት ችግር እንዳለበት ቤተሰቡ ለጸሐፊው ያስመዘገበ አባል በመቅረት አይቀጣ። ይልቁንም ጎረቤቱ የሆነ አንድ አባል በስም ይመደብለት፤ ጡሩምባ ሲነፋ ቤቱ ሄዶ፣ እጁን ይዞ ያምጣው፣ ያስቀምጠው፣ ይመልሰው። ያመጣው አባል እንደ ሥራ ይቆጠርለት። ሁለተኛ፣ በየሦስት ወሩ በምናደርገው ስብሰባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የደም ግፊት መለኪያ ይዘው እንዲመጡልን ኮሚቴው ደብዳቤ ይጻፍ፤ ረቂቁን እኛ እናዘጋጃለን፣ የድሮ ሥራችን ነው። ሦስተኛው ገንዘብ የሚነካ ስለሆነ ብዙ እንደምትከራከሩበት እናውቃለን። ከመጠባበቂያው ጥቂት ተነሥቶ፣ ድንገት ለታመመ አረጋዊ እስከ ላሊበላ የመኪና ኪራይ ብድር ይሰጥ። «የዕድር ገንዘብ የሙት ነው» የሚሉ አሉ፤ እናከብራቸዋለን። ነገር ግን በኤድስ ጊዜ በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ረድተዋል፤ በዚህም ዕድርነታቸው አልፈረሰም።

የመጀመሪያው ሐሳብ ዛሬውኑ በእጅ ማውጣት እንዲወሰን፣ የገንዘቡ ደግሞ ለሚመጣው ስብሰባ እንዲተላለፍ እንጠይቃለን። እስካሁን በመርሳት ምክንያት ተቀጥተው ያልከፈሉ አባላት ዝርዝር በጸሐፊው እጅ ይገኛል።